ከስድቡ መካከል እውነት ቢኖርስ?

«እትዬ፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» አለችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። መነጽሬን እስክፈልግ እንኳ አልታገሠችም፤ ራሷ ታነብልኝ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቆረጠ።

ልጅቷን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ሁሩታ በእኛ አዳራሽ ሲጋቡ ቃል ኪዳናቸውን ያስፈጸማቸው ባለቤቴ ነው። ባሏ መንገድና ካሜራ የሚወድ ልጅ ስለሆነ፣ ከጋብቻቸው በኋላ ሁለቱ ተስማምተው የጉዞ ቪዲዮ መሥራት ያዙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቆላው ይወርዳሉ፤ አንድ ጊዜ ሶደሬ ፍል ውኃው ዘንድ ከጦጣዎቹ ጋር፣ አንድ ጊዜ ዝዋይ ሐይቅ ላይ በጀልባ፣ አንድ ጊዜ ላንጋኖ። እኔም እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በሃያ ዓመት የትዳር ዘመናችን እኔና መጋቢ ላንጋኖን አብረን ያየነው በእነርሱ ቪዲዮ ነው።

ያን ቀን ያመጣቸው ቪዲዮ ግን ሌላ ነበር። በአንድ የገጠር መንደር እንጨት ተሸክመው የሚሄዱ እናት ያገኛሉ፤ ካሜራው እንደ ተከፈተ ሸክማቸውን ያወርዱላቸዋል፤ ብር በእጃቸው ያኖራሉ፤ እናቲቱ ያለቅሳሉ፤ ከሥር ሆድ የሚያባባ ዜማ ይሰማል። ከዚያ በፊት ከሠሯቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ይልቅ ይህ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። ከተመልካቹ ጋር ስድቡም አብሮ መጣ።

ስድቡን እዚህ አልደግመውም። ስለ መልኳ ነበረበት፣ ስለ ልብሷ ነበረበት፣ ስለ እምነታችን ነበረበት፤ ከሁሉ የከፋው ግን እስካሁን ልጅ ስላለመውለዷ የተጻፈው ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚናገር ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። በስልክ ግን ሰው ፊት የለውም፤ ፊት ከሌለው ደግሞ ምን ያፍራል?

እኔም ሳልውል ሳላድር ምክሬን ሰጠኋቸው። «ሁሉንም አጥፉት። የጠላት ፍላጻ ነው፤ ሰንባላጥ ማለት ይህ ነው» አልኳቸው። ጸለይንላቸው፤ ቡና ጠጥተው ሄዱ። መልካም የመከርኩ መስሎኝ በሰላም ተኛሁ።

የተከፈተው ደብዳቤ

ሰንባላጥን ያለ ምክንያት አልጠራሁትም። ውድ አንባቢያን እንደምታስታውሱት ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ሰንባላጥ አራት ጊዜ መልእክት ልኮበት አልሆን ሲለው በአምስተኛው ጊዜ ያልታሸገ ደብዳቤ ላከበት (ነህ. 6፥5)። ነገሩ ያለው ካለማሸጉ ላይ ነው። ደብዳቤው ለነህምያ ይጻፍ እንጂ የታሰበው መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲያነብበው ነበር። ዛሬ በየቪዲዮው ሥር የሚጻፈው አስተያየትም እንደዚያው ነው፤ አድራሻው የአንድ ሰው ነው፣ አንባቢው ግን አገር ነው። ነህምያ የተባለው ነገር ሐሰት መሆኑን በአንዲት አጭር መልስ ተናግሮ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ቢብል ኮሌጅ ሳለሁ በዚህ ምዕራፍ ላይ ረጅም የቤት ሥራ ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ከእርሱ በፊት ስላለው ስለ አምስተኛው ምዕራፍ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ከሳምንት በኋላ ባልየው ብቻውን መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «እትዬ፣ አንድ ያላሳየንዎት ነበረ» አለኝ። ካጠፏቸው አስተያየቶች መካከል አንዱን ከማጥፋቱ በፊት ፎቶ አንሥቶ አስቀምጦት ኖሯል። ስድብ የለበትም። የጻፈችው ሴት አዳማ ውስጥ በሥራ ላይ ያለች ናት፦ እነዚያ እናት እናቴ ናቸው፤ ሳትጠይቋቸው ቀረጻችኋቸው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ቪዲዮውን እያሳዩኝ «እናትሽን እንዲህ ጥለሻል?» ይሉኛል፤ በየወሩ የምልክላቸውን ግን ማንም አልቀረጸውም የሚል ነው።

«ይህንንስ ለምን አጠፋችሁት?» አልኩት።

«ሁሉንም አጥፉት አላሉንም?»

ምን መልስ አለኝ!

ከላም ሥጋ እስከ ባሉጋኒ

ስለ አገራችን ጉዞ ተርኮ የተሰደበ ሰው በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በዚያ ሰሞን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ቪዲዮ ቀርቶ ፎቶግራፍ እንኳ ሳይኖር የኖረው ጄምስ ብሩስ ነው።

ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማም ሰከላ ወርዶ ግሽ ዓባይ ምንጩ ላይ ቆመ። ወደ ብሪታኒያ የተመለሰው በ1774 ነው። የለንደን ሰዎች መጀመሪያ ተደነቁበት፤ ቀጥለው ሳቁበት። ከሁሉ ይልቅ ያሳቃቸው ወታደሮች በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ጥሬውን ሲበሉ አይቻለሁ ማለቱ ነበር። በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን የአባ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ታላቁ ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ተጠራጠረው። ብሩስ ተቀየመና ወደ ርስቱ ገባ፤ መጽሐፉ በአምስት ትልልቅ ቅጽ የታተመው ከተመለሰ ከ16 ዓመት በኋላ በ1790 ነው። ፌዙ ግን አልቆመም። በ1792 ስለ ውሸታሙ ባሮን ሙንሃውዘን የሚናገረው ተረት ተከታይ ሲወጣ ለሐበሻው ተጓዥ ለብሩስ የተበረከተ ተብሎ ነበር፤ ውሸታም ለውሸታም ማለታቸው ነው። በ1794 ብሩስ እንግዳ ሊሸኝ ሲወጣ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ከእርሱ በኋላ የመጡ ተጓዦች ከጻፈው አብዛኛው እውነት መሆኑን መሰከሩለት። ይዟቸው ከሄደ የግእዝ ብራናዎች መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል፤ የሐዋርያው ይሁዳን መልእክት ስናነብ የምናገኘው ሄኖክ ማለት ነው። ጥሬ ሥጋውም ቢሆን ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ዛሬ ከውጭ የሚመጡት የምግብ ተጓዦች አዲስ አበባ ልኳንዳ ቤት ገብተው እየበሉ ይቀረጹበታል፤ የሚጠራጠራቸውም የለም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለስብከት እንዴት በተመቸ! የተሰደበ፣ የታገሠ፣ በመጨረሻም እውነቱ የወጣለት ሰው። ግን ሌላ ወገን አለው።

ከብሩስ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ዕፅዋቱን በጥንቃቄ የሣለው፣ የጉዞውንም ማስታወሻ አብሮ የጻፈው እርሱ ነው፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ባሉጋኒ ወደ ግሽ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ እጅ ሥራ አድርጎ አቀረበ። ምንጩን ብቻውን ያየ መባልን ፈለገ። ከእርሱ 152 ዓመት ቀድሞ በ1618 እዚያው ቦታ የቆመውን ፔድሮ ፓኤዝንም አልደረሰም ብሎ ተከራከረ።

እንግዲህ እዩ። ስለ ላሟ ሥጋ ሲስቁበት ሐቀኛ ነበር፤ ስለ ባሉጋኒ ግን ዋሽቶ ነበር። እኔ እንደማየው በሐሰት መሰደቡ ለእውነተኛው ጥፋቱ መሸሸጊያ ሆነለት። «እነዚህ ፌዘኞች ናቸው» ብሎ በሩን ሲዘጋ በዚያው በር ሊገባ የነበረውን ተግሣጽ አብሮ ዘጋው። «ሁሉንም አጥፉት» ያልኩት እኔስ ከዚህ ምን የተለየ አደረግሁ?

ሌላም ነገር አሰብኩ። ብሩስ ስለ እኛ ያን ሁሉ ሲጽፍ የጎንደር ሰው ለንደን ላይ መልስ የሚሰጥበት መንገድ አልነበረውም። የተባለው ሁሉ ተባለበት፤ አለቀ። ዛሬ ግን የተቀረጸችው እናት ባትችል ልጇ ትጽፋለች። ያ ሁላችን የምንረግመው የአስተያየት መስጫ ቦታ አንዳንድ ጊዜ የተቀረጸው ሰው አፍ ነው።

ይቅርታ በሁለት ዓይነት

ከእኛ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተመልካች ያላቸውም በዚህ መንገድ አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጨረሻ ቀን አሜሪካዊው ሎጋን ፖል በጃፓን አኦኪጋሃራ ጫካ ውስጥ ራሱን ያጠፋ ሰው አስከሬን የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ቁጣው ሲነድ ቪዲዮውን አንሥቶ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ሐሳቡ ሰውን ለማስተማር እንደ ነበር ሊያስረዳ ሞከረ። እሳቱ ባሰበት። ሁለተኛ ጊዜ ፊቱን አሳይቶ ሲቀርብ ግን ተከታዮቹን እንዳይከላከሉለት ለመናቸው፤ ሥራው ሊከላከሉለት የሚገባ እንዳልሆነ ተናገረ። የልቡን ጌታ ያውቃል። የሁለቱን ይቅርታ ልዩነት ግን ሳኦልን የምናውቅ እንረዳዋለን፤ በድያለሁ ካለ በኋላ በሽማግሌዎች ፊት እንዲከበር ሳሙኤልን ለመነው (1 ሳሙ. 15፥30)። ጥያቄው ያለው «በድያለሁ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው።

ከእኛ ልጆች ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ግን ናስ ዴይሊ በሚል ስም የሚታወቀው ተጓዥ በ2021 በፊሊፒንስ የገጠመው ነው። ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት አልፏል በሚባሉት ዋንግ-ኦድ በተባሉት ንቅሳት አዋቂ ስም የኢንተርኔት ትምህርት ከፈተ። ከቤተ ዘመዳቸው አንዲት ወጣት አሮጊቷ ውል እንዳልፈረሙ ጽፋ ተቃወመች። እርሱም ሲፈርሙ፣ ማለትም የጣት አሻራቸውን ሲያኖሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ማስረጃ አድርጎ አወጣ። የሚከራከርለትም የሚከራከርበትም በዛ፤ ትምህርቱ ከገጹ ላይ ወረደ፤ የአገሪቱ የነባር ሕዝቦች ኮሚሽንም ጉዳዩን መረመረ። አሻራውን የሚያሳይ ቪዲዮ ነበረው፤ ሰው የጠየቀው ግን አሮጊቷ ምን ላይ እንደሚያኖሩት በእርግጥ ገብቷቸው ነበር ወይ የሚለውን ነው።

እኛም አገር በደቡብ ኦሞ ከንፈራቸው ላይ ሸክላ የሚያደርጉ የሙርሲ ሴቶች ለቱሪስት ካሜራ በፎቶ ሒሳብ እያስከፈሉ ሲቆሙ ኖረዋል። ለብዙ ዓመታት አብሯቸው የሠራው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን በ2004 ስለዚሁ ጽፏል። ብዙዎቻችን ቪዲዮውን ስናይ «ለምን ይህን ብቻ ያሳያሉ?» ብለን በፈረንጆቹ ላይ እንቆጣለን። ሁሩታ አጠገብ እንጨት የተሸከሙትን እናት የቀረጽናቸው ግን እኛው ነን፤ የእኛው ልጆች፣ ለመልካም ብለው።

አምስተኛው ምዕራፍ

በነህምያ አምስተኛው ምዕራፍ የሚጮኸው ሰንባላጥ አይደለም። ሕዝቡና ሚስቶቻቸው ናቸው (ሚስቶቻቸው መጠቀሳቸውን ልብ በሉልኝ)፤ የሚጮኹትም በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ነው። እርሻቸውን አስይዘዋል፣ ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተዋል። ነህምያ ሲሰማ እጅግ ተቆጣ፤ ግን ወዲያው አልተናገረም፤ በልቡ መከረ። ከዚያም አበዳሪዎቹን ሲገሥጽ እርሱና ወንድሞቹ፣ ሎሌዎቹም ጭምር ለሕዝቡ ገንዘብና እህል ያበደሩ መሆናቸውን አልሸሸገም፤ «እንተወው» ሲል ራሱን ጨምሮ ነው (ነህ. 5፥10)።

ያው ሰው ነው፤ ያው ቅጥር ነው። ለአንዱ ወቀሳ ሥራውን አቁሞ ጉባኤ ጠራ፤ ለሌላው ከሥራው አልወርድም አለ። ሁለቱን እንዴት ለያቸው? ሰንባላጥ ሊያስፈራው ነበር የጻፈው፤ ሕዝቡ ግን ያጣውን ነገር በስሙ ጠርቶ ነበር የጮኸው፤ እርሻ፣ እህል፣ ልጅ። የአዳማዋም ልጅ እንዲሁ ነው የጻፈችው። እናቴ፣ ሥራ ቦታዬ፣ በየወሩ የምልከው። ስድብ እንዲህ ያለ ዝርዝር የለውም።

በመኝታ ቤት

ስለ ቪዲዮው ስናወራ ስለ ትዳራቸው ሳልጠይቅ ቆይቼ ነበር። ባልየው ሲነግረኝ ነው የገባኝ። ሌሊት ሌሊት ጀርባውን ሰጥቷት አስተያየት ያነባል። እርስዋ «ተወው፣ ተኛ» ትላለች። «ያን ቀን ያን ልብስ ባትለብሺ…» ብሎ አንድ ቀን አፉ አመለጠው። እርስዋም «ሴትዮዋን እንቅረጽ ያልከው ማን ሆነና?» አለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ ኖሩ። ስለ መውለድ የተጻፈውን ቃል ደግሞ ሁለቱም አንብበውታል፤ አንዳቸውም ለሌላው ሳይናገሩ። አንድ የማያውቁት ሰው በመካከላቸው ተኝቶ ሰንብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩን ከመኝታ ቤት አስወጣን። ቀጥሎ ማንበቡን ለሌላ ሰው ሰጠን፤ ልባም የሆነች የወጣቶች ኅብረት እህታችን አስቀድማ ታነባለች፤ ስድቡን ታስቀራለች፤ ነገር ያለበትን ብቻ ለሁለቱ አብራ ታቀርባለች፤ ለአንዳቸው ብቻ ፈጽሞ አታሳይም። ዩቲዩብ ላይ የተመረጡ ቃላት ያሉበትን አስተያየት ሰው ሳያየው የሚይዝ ማስተካከያ አለ፤ በእርሱ ተጠቀምን። ቃላቱ በአማርኛም በኦሮምኛም መጻፍ ስለነበረባቸው የመጋቢ ሚስት ሆኜ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ስድብ ሳስመዘግብ ዋልኩ። ባለቤቴ በመካከሉ ገብቶ ወረቀቱን አየና ምንም ሳይናገር ወጣ።

ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ደግሞ ይህን አስቡበት፦ ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕፃናት የሚታዩባቸውን አብዛኞቹን ቪዲዮዎች አስተያየት የዘጋው ከሥራቸው የሚጻፈው ነገር አስፈሪ ስለነበረ ነው። የልጃችሁን ፊት ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ጸልዩ።

ደህናው ሻሽ

ለአዳማዋ ልጅ ባልና ሚስቱ በአንድነት ጻፉላት። ሐሳባችን መልካም ነበር የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ ሁለት ጊዜም ሰረዙት። ከብዙ ቀን በኋላ መልስ መጣ፤ እናቴን ጠይቁ፣ እኔን አይደለም የሚል አጭር መልስ።

ሦስታችን ሄድን። ባጃጁ እስከሚያደርሰን ሄደን የቀረውን በእግር ተጓዝን። የበሉትን ስንዴና የገባሁበትን ጭቃ ልተወው። እናቲቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እኛን ሲያዩ ወንበር ፍለጋ ተነሡ። ባልየው በኦሮምኛ የመጣንበትን ነገራቸው። ቪዲዮውን አይተውት አያውቁም ነበር፤ ስልክ የላቸውም። እንዲያዩት ጠየቁት።

እስከ መጨረሻው በዝምታ አዩት። ዜማው ሲጀምር ማን እንደ ሞተ ጠየቁ። ማንም አልሞተም አልናቸው። ከዚያ በስክሪኑ ላይ የራሳቸውን ራስ በጣታቸው ነኩ። ሻሹ የተቀደደ ነው። ለእንጨት የሚለብሱት ነው አሉን፤ ደህናው ሻሽ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ልጃቸው ከአዳማ የላከችላቸው። ቢነገራቸው እርሱን ያደርጉ ነበር። ያለቀሱትም ለብሩ እንዳልሆነ ነገሩን። ሸክማቸውን ያወረደችላቸው ልጅ ከኋላ ስትመጣ የገዛ ልጃቸው መስላቸው ነበር።

ወጣቷ ሚስት ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች። ባሏ ከልማድ የተነሣ እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ፤ ሳትዞር እጁን ያዘችው። ሳቀ፤ አፈረም። ስልኩ ኪሱ ገባ። ይቅርታው እንግዲህ አልተቀረጸም፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ቪዲዮው ያን ዕለት ማታ ወረደ። ከሠሯቸው ሁሉ ብዙ ሰው ያየው፣ ትንሽም ቢሆን ገንዘብ ያስገኘው እርሱ ነበር። ባወረዱ ማግሥት ደግሞ ሌላ ስድብ መጣ፤ አሁን የተሰደቡት ጥፋታችሁን ለመሸፈን አጠፋችሁት ተብለው ነው። ያችኛዋ እህታችን አነበበችው፤ ለእነርሱ አላሳየችም።

አዳማዋ ልጅ ከእናቷ ጋር በጎረቤት ስልክ እንደ ተነጋገረች ሰማን። ለባልና ሚስቱ እስካሁን የጻፈችላቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አየሁ» የሚል።